ሳይወዱ መታዘዝ፦ ስለ አገልግሎት ጥሪ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቀን ባንክ ቤት እሠራለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በባሕር ዳር ከሚገኙት ሰንበት ትምህርት ቤቶች በአንዱ፣ ሕሙማንንና አረጋውያንን በየቤታቸው በሚጠይቀው ክፍል ውስጥ አገለግላለሁ። ሰባኪ አይደለሁም። እነዚህ ጥያቄዎች ከእሑድ ጉባኤ በኋላ በሐይቁ ዳር በእግር ስንሄድ፣ ባጃጅ ውስጥ ተጨናንቀን ስንመለስ፣ አንዳንዴም በስልክ የደረሱኝ ናቸው። "ላገልግል ወይ?" ብሎ የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው፤ የሚበዛው "ሳላስቀይማቸው እንዴት እምቢ ልበል?" የሚል ነው። መልሶቹን ንስሐ አባቴ አይተዋቸዋል። ለስለስ አድርጊው ያሉኝን አለስልሻለሁ፤ አሁንም ይሻክራል የሚል ካለ የመጀመሪያውን ስላላየ ነው።

ጥሪ ሲባል ድምፅ መስማት ነው? ወይስ ሕልም ማየት አለብኝ?

ሙሴ የሚነድ ቁጥቋጦ አይቷል። ሳሙኤል ሌሊት ስሙ ሲጠራ ሰምቷል፤ ግን እሱም ቢሆን ሦስት ጊዜ ካህኑ ዔሊ የጠራው መስሎት እየሮጠ ሄዷል። የማን ድምፅ እንደሆነ የነገረው ያ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ነው። ብዙዎቻችን የምንጠራው እንዲህ በሰው አፍ ነው።

የራሳችንን ቤተ ክርስቲያን አጀማመር ተመልከቱ። በ4ኛው መቶ ዓመት ፍሬምናጦስ የሚባል የጢሮስ ሰው በልጅነቱ ተይዞ አክሱም ቤተ መንግሥት ገባ፤ በዚያም አደገ፣ ታመነ። ጊዜው ደርሶ ወንድሙ ወደ አገሩ ሲመለስ እሱ እስክንድርያ ወረደና የዚያን ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስን "በዚያ አገር ምእመናን አሉና ጳጳስ ላክላቸው" ብሎ ለመነው። አትናቴዎስም ከአንተ የተሻለ ማን አለ ብሎ እሱኑ ሾሞ መለሰው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው ይህንን ሰው ነው። ሌላ ሰው ሊያስልክ ሄዶ ራሱ ተላከ። መብረቅም ነጎድጓድም አልነበረም፤ የአንድ አባት ቃል ብቻ።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ ያልተማከሩ ሁለት ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ከጠየቁህ፣ ጉድለቱም ዓይንህ እያየው ከሆነ፣ ነገሩን ይዘህ ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ። ሕልም አይተው ወደ እኔ የሚመጡትንም ወደዚያው ነው የምልካቸው፤ ሕልም መፍታት አላውቅበትም።

ልቤ እምቢ እያለ ባገለግል ግብዝነት አይሆንብኝም?

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 21 አንድ አባት ሁለት ልጆቹን ወደ ወይን ቦታ ሄደው እንዲሠሩ ያዛል። አንዱ "አልወድም" አለ፤ ኋላ ግን ተጸጸተና ሄደ። ሌላው "እሺ ጌታዬ" አለ፤ አልሄደም። ጌታችን የጠየቀው የአባቱን ፈቃድ ያደረገ ማን ነው ብሎ ነው። ሲቆፍር እየዘፈነ ነበር ወይስ እያጉረመረመ የሚል ጥያቄ አላነሣም።

በእኛ አገር ሁለተኛው ልጅ የበዛ ይመስለኛል። ይሉኝታ የወለደው "እሺ" እንደ ሰላምታ ይሰጣል። ስብሰባ ላይ አሥራ ሁለት ሰው እሺ ይላል፣ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ ሦስት ሰው ይቆማል። ፊት ለፊት "አልችልም" ብላ ስታበቃ ማታ ደውላ "በቃ እመጣለሁ" የምትለዋን እመርጣለሁ።

ግብዝ የሚያሰኘው ያልተሰማንን ደስታ የተሰማን መስሎ መታየት ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስ መንጋውን በግድ ሳይሆን በውድ ጠብቁ ያለውን ጠቅሰው የሚከራከሩኝ አሉ። ቃሉ እውነት ነው፤ ማንም በማንም ላይ የአገልግሎት ቀንበር በጉልበት መጫን የለበትም። ነገር ግን ሌላ ሰው ሲያስገድደኝና እኔው ራሴን ስገፋ አንድ አይደለም። በጌቴሴማኒ "የአንተ ፈቃድ ይሁን" ከመባሉ በፊት ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ የሚል ልመና አለ፤ ያንን ልመና ግብዝነት ብሎ የሚጠራ ክርስቲያን አላውቅም።

ነቢዩ ዮናስ የሸሸው ፈርቶ ነው?

ይህ ጥያቄ በየዓመቱ በጾመ ነነዌ ሰሞን ይነሣል። ጾሙ ሦስት ቀን ነው፤ ሰኞ ይገባል፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ከጥር 17 ወዲህ አይወርድም፣ ከየካቲት 21 ወዲያ አይወጣም። የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ሁሉ ዓሣውን ያውቁታል፤ በጣና ዳር ያደገ ልጅ ሰው የሚውጥ ዓሣ ሲባል ከአምባዛ የሚበልጥ ምን ዓይነት እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። ስለ ሽሽቱ ምክንያት ግን ትልልቆቹም አይጠይቁም፤ ፈርቶ ነው ብለው ያልፋሉ።

መጽሐፉ ምክንያቱን ምዕራፍ አንድ ላይ አይነግረንም። ዮናስ ወደ ኢዮጴ ወረደ፣ ወደ ተርሴስ የምትሄድ መርከብ አገኘ፣ ዋጋዋንም ከፈለ ይላል። (በዚህች የመርከብ ዋጋ ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ፤ የባንክ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይሆናል። ከእግዚአብሔር ፊት ለመኮብለል ከራሱ ኪስ ከፍሏል።) ምክንያቱ የሚወጣው መጨረሻ ላይ፣ ምዕራፍ አራት ውስጥ ነው። የነነዌ ሰዎች ንስሐ ገብተው ከጥፋት ሲድኑ ዮናስ ተቆጣ፤ አንተ ቸርና ይቅር ባይ እንደሆንህ አውቄ ነበር፣ አስቀድሜ የሸሸሁትም ለዚህ ነው አለ። የፈራው ነነዌ እንዳትገድለው ሳይሆን እግዚአብሔር ነነዌን ይምራታል ብሎ ነው።

ነነዌ የአሦር ከተማ ናት፤ ፍርስራሿ ዛሬ ኢራቅ ውስጥ፣ ሞሱል ከተማ አጠገብ ነው። ነቢዩ ናሆም "የደም ከተማ" ይላታል። አሦር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ገደማ የዮናስን አገር፣ ሰሜናዊውን የእስራኤል መንግሥት፣ ያጠፋ ኃይል ነው። ስለዚህ ዮናስ በጥላቻው ብቻውን አልነበረም፤ ሰፈሩ ሁሉ "ደግ አደረገ" የሚለው ዓይነት ሽሽት ነው የሸሸው።

ይህን ያወቅሁት መጽሐፍ መርምሬ ስላልሆነ እንዴት እንዳወቅሁት ልናገር። ከአራት ዓመት በፊት የክፍላችን ሰብሳቢ በየሳምንቱ የሚጠየቁ አረጋውያንን ዝርዝር ስታከፋፍል ለእኔ የደረሱኝ አንዲት እናት ነበሩ። ስማቸውን ሳይ ወረቀቱን መልሼ ሰጠኋት። "ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሥራ አለኝ፤ ሰፈሩም ሩቅ ነው" አልኳት። ሰፈሩ ሩቅ አይደለም፤ ያደግሁበት ነው። እኒህ ሴት በልጅነቴ አጥራቸውን ወደ እኛ ግቢ ገፍተው እናቴን ሁለት ዓመት ያከራከሩ ጎረቤታችን ናቸው። እናቴ ስትሞት ለቅሶ አልደረሱም። ያኔ "እሳቸው" አልላቸውም ነበር፤ "እሷ" ነበር የምለው።

ሰብሳቢያችን ምንም አላለችም፤ ዝርዝሩን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በዚያው ሳምንት ጾመ ነነዌ ገባ። በሁለተኛው ቀን ከሥራ ወጥቼ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ መጽሐፈ ዮናስ ሲነበብ "ለዚህ ነበር አስቀድሜ የሸሸሁት" የሚለው ላይ ደረሰ። ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ግን ሰው አየኝ ወይ ብዬ ዞር ዞር አልኩ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ሄድን። የቆርቆሮው በር ዛሬም ያው በር ነው፤ አጥሩም እዚያው የተገፋበት ቦታ ላይ ነው። እሳቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው በቁርጥማት ተጣሞ ጣታቸው አይዘረጋም። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ጥፍራቸውን እንድቆርጥላቸው እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጥፍራቸው ቢጫ ሆኖ እንደ ቀንድ ጠጥሯል፤ መቁረጫው አልበላ ሲለኝ ጓደኛዬ ውኃ አሙቃ በሳህን አመጣችልኝና ዘፈዘፍነው። እያንዳንዱ ጣት ላይ ብዙ ደቂቃ ፈጀሁ። ሦስተኛው ጣት ላይ "ቀስ በይ፣ ያመኛል" አሉኝ። ስለ እናቴ አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔም አላነሣሁም።

"የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" ይባል የለ? ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ጊዜ የለኝም፣ አቅም የለኝም ሲለኝ በውስጤ ሌላ ጥያቄ አነሣለሁ፦ ወደ ማን መሄድ አልፈለክም? አንዳንዴ መልሱ እውነትም የጊዜ ጉዳይ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን በስተጀርባው ስም ያለው ሰው አለ፤ ያኮረፍነው ሰብሳቢ፣ የናቅነው ሰፈር፣ ወይም "እነዚህማ አይገባቸውም" ያልናቸው ወገኖች።

በሰው ፊት መናገር አልችልም። እንዲህ ያለ ሰው ምን ያገለግላል?

ሙሴም አፌ ኰልታፋ ምላሴም ጸያፍ ነው ብሏል። ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 3 እና 4ን ሰብሰብ አድርገህ ብታነብ አምስት ጊዜ ሲያመነታ ታገኘዋለህ። እኔ ማን ነኝ? ስምህ ማን ነው ቢሉኝ ምን እላለሁ? ባያምኑኝስ? መናገር አልችልም። ሌላ ሰው ላክ። ለአራቱ እግዚአብሔር አንድ በአንድ መልስ ሰጠ። በአምስተኛው ተቆጣ። ይገርመኝ ነበር፤ ኋላ ሳየው ግን አራቱ መልስ የሚፈልጉ ናቸው፣ አምስተኛው መልስ አይፈልግም፤ በሩን መዝጋት ብቻ ነው።

ተቆጥቶም ቢሆን የሰጠውን ልብ በል። የሙሴ ምላስ ተፈታ የሚል እዚያ ላይ አልተጻፈም። የተሰጠው አሮን ነው፣ ወንድሙ። ስለዚህ ድፍረት እስኪመጣ ቤትህ አትቀመጥ፤ አሮንህን ፈልግ። ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱን የላካቸው ሁለት ሁለት አድርጎ ነው። እኛም ብቻውን ሰው ቤት የሚሄድ አንመድብም፤ አንዱ ሲያወራ አንዱ ውኃ ይቀዳል።

ደግሞስ አገልግሎት መድረክ ላይ መቆም ብቻ ነው ያለህ ማን ነው? በጥምቀት ታቦቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ምንጣፍ የሚያነጥፉትን ልጆች አይተሃል? ታቦቱ እንዳለፈ ከኋላ ጠቅልለው፣ በሰው መካከል እየተሽሎከለኩ ወደ ፊት ይሮጣሉ፤ መልሰው ያነጥፋሉ። አንድ ቃል አይናገሩም። በዓመታዊ ክብረ በዓል ሌሊቱን ሽንኩርት ሲከትፉ የሚያድሩ ሴቶችም እንዲሁ። ዓይናቸው ከሽንኩርቱ ይሁን ከጸሎቱ ሲያለቅስ ያድራል።

የጠየቀኝ ኮሚቴ ነው። የኮሚቴ ጥያቄ የእግዚአብሔር ጥሪ ነው እንዴ?

ሁልጊዜ አይደለም። እኔም ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ፤ ገንዘብ ያዥ ጠፍቶ ስብሰባው ሲረዝም የመጣልንን ስም ሁሉ ጽፈን እናውቃለን። ሰው ስለ ጠፋ መመረጥ መጠራት ማለት አይደለም።

የታመመ ሰው ቤት ውስጥ ካለዎት፣ ዕዳ ላይ ከሆኑ፣ ትዳርዎ ከተናጋ፣ "አሁን አልችልም" ማለት ይፈቀድልዎታል፤ ያንን ቤት መጠበቅም አደራ ነው። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አይቶ "የምታደርገው መልካም አይደለም፣ ትደክማለህ" ብሎታል፤ ሥራውን ለሌሎች እንዲያካፍልም መክሮታል፤ ሙሴም ሰምቶታል። ምክንያትዎን ግን በግልጽ ይንገሩ፤ "እናያለን" ብለው ሰው አያስጠብቁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሳኦል ለንግሥና ሲፈለግ በዕቃ መካከል ተሸሽጎ ነው የተገኘው። ያን ቀን ያየው ሰው እንዴት ያለ ትሑት ነው ሳይል አልቀረም። በኋላ ግን ለዳዊት የተዘፈነውን ዘፈን መስማት ያልቻለ፣ ጦር የወረወረ ይኸው ሰው ነው። መደበቅ ሁሉ ትሕትና አይደለም። አንዳንዱ "እኔ አልበቃም" የሚለው "ለምኑኝ" ማለቱ ነው፤ ሦስት ጊዜ ካልተለመነ ደግሞ ያኮርፋል። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ሁለት ጊዜ እንጠይቃለን፣ ሦስተኛውን እንተዋለን።

ኃጢአተኛ ነኝ። መጀመሪያ ንጹሕ መሆን የለብኝም?

ንስሐ ግባ፤ ይህ የሚያከራክር አይደለም። ሥልጣነ ክህነት ከሆነ የተጠራህበት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የራሷ ሥርዓትና መመዘኛ አላት፤ እዚያ ላይ የእኔ ቃል ቦታ የለውም።

ነገር ግን ጴጥሮስ በጌንሴሬጥ ሐይቅ ላይ ምን እንዳለ አስታውስ። ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ምንም አልያዙም። በጣና ዳር ያለ ዓሣ አጥማጅ ይህን ሌሊት ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል፤ ባዶ መረብ ከሞላው ይልቅ ይከብዳል። ጴጥሮስ ግን "በቃልህ መረቦቹን እጥላለሁ" አለ። መውደዱን አልተናገረም፤ ድካሙን ተናገረ፣ ጣለም። ዓሣው ሲበዛ ነው በጉልበቱ ወድቆ "እኔ ኃጢአተኛ ነኝና ከእኔ ተለይ" ያለው። የተሰጠው መልስ "አትፍራ" የሚል ነው፤ "እስክትነጻ እጠብቅሃለሁ" አልተባለም።

አሥር ዓመት ሙሉ "ራሴን ላስተካክልና" ሲል የኖረ ሰው አውቃለሁ። አሁንም እያስተካከለ ነው።

ሴት ነኝ፤ ጸጥ ብዬ በቤቴ ብጸልይ አይሻለኝም? ሰው መምራት እንዴት ከእኔ ይጠበቃል?

የዚህ መልስ ከሐይቁ ማዶ ነው፣ እኅቴ። በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ቆራጣ የሚባል ቦታ አለ፤ ገዳሙ የሚጠራው በቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ስም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1592 እስከ 1642 የኖረች እናት ናት። ከመኳንንት ወገን የተወለደች፣ ባሏም የአፄ ሱስንዮስ ባለሟል። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ሲቀበል ቤቷንም ባሏንም ትታ መነኮሰች፤ ሃይማኖቴን አልለውጥም ብላ ተሰደደች፣ ተጋዘች፣ በንጉሡ ፊትም ቆማለች።

እኔን የሚገርመኝ ግን ድፍረቷ ብቻ አይደለም። ካረፈች 30 ዓመት በኋላ፣ በ1672 የተጻፈው ገድሏ፣ ሰው ተሰብስቦ እንዲከተላት አትፈልግ እንደነበር ይነግረናል፤ ምኞቷ ብሕትውና ነበር። የብዙ ነፍሳት አደራ ሲሰጣት እንደማትችል ተናግራ ታመነታለች። ለንጉሥ ያልተንበረከከች ሴት ሰው ምሪ ስትባል ሸሸች! ሆኖም በመጨረሻ ወንዶችም ሴቶችም ያሉባቸው ሰባት ማኅበራት በእሷ ሥር ተሰብስበዋል።

በጣና ላይ ያለው የክብራን ገብርኤል ደሴት ገዳም ሴት አይገባበትም፤ ጀልባው ላይ ቆመን ከሩቅ እንሳለማለን። አንዳንድ እኅቶች ከዚያ ተነሥተው የሴት ቦታ ሁሉ ጀልባው ላይ ነው ብለው ይደመድማሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ጀልባውን ወደ ቆራጣ አዙሪው።

ጥሪውን እምቢ ካልኩ በኋላ ታመምኩ፣ ሥራዬንም አጣሁ። እግዚአብሔር ቀጥቶኝ ነው?

ይህን ጥያቄ ስሰማ የምቆጣው በጠያቂው ሳይሆን እንዲህ ብሎ ባስፈራራው ሰው ነው። "ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው" እያሉ የሰውን ሕመም ለአገልጋይ መመልመያ የሚያደርጉ አሉ። የዮናስ ማዕበል የተላከው ለዮናስ ነው፤ በእያንዳንዱ ጉንፋን ላይ የሚለጠፍ አይደለም። የኢዮብ ወዳጆች ያን ሞክረው ተገሥጸዋል። ስለ ዕውር ሆኖ የተወለደውም ሰው ደቀ መዛሙርቱ "ማን ኃጢአት ሠራ?" ሲሉ ጌታችን እሱም ወላጆቹም አልሠሩም ብሎ ነው የመለሰላቸው።

ሐኪም ቤት ሂድ፤ ጠበልህንም ተጠመቅ። ሥራ ፈልግ። የጥሪውን ነገር ስትድን ረጋ ብለህ ከንስሐ አባትህ ጋር ታየዋለህ። በፍርሃት የመጣ አገልጋይ ፍርሃቱ ሲለቀው አገልግሎቱንም ይለቃል፤ ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ወላጆቼ "አርፈህ ተማር" ይሉኛል። ልታዘዛቸው?

ተማር። ትምህርትህን አቋርጠህ ና የሚልህ ጥሪ ከመጣ ሁለት ጊዜ መርምረው። ከትምህርት በተረፈህ ጊዜ ደግሞ ወላጆችህን አንድ ቀን ይዘሃቸው ና፤ የምትሠራውን ሲያዩ የሚለሰልሱ ብዙዎች ናቸው። ምንኩስና ከሆነ ያሰብከው ጉዳዩ ሌላ ነው፤ አባቶች ራሳቸው ቶሎ አይቀበሉህም፣ በረድእነት ዓመታት ይፈትኑሃል።

ለዓመታት አገልግዬ ሰልችቶኛል። ባቆም ኃጢአት ነው?

ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ በታች ተጋድሞ ነፍሴን ውሰድ ብሎ ለምኗል። መልአኩ መጥቶ አልሰበከውም። ቀሰቀሰውና "ተነሥተህ ብላ" አለው። በላ፣ ተኛ፤ እንደገና ቀሰቀሰው፣ በላ። መንገዱ የቀጠለው ከዚያ በኋላ ነው።

ደንገል ታንኳ ሲሠራ አይታችሁ ካላወቃችሁ ከዳር ሆናችሁ ተመልከቱ። አዲሱ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው ተሸክሞ ውኃ ላይ ያስቀምጠዋል። ሲውል ሲያድር ግን ደንገሉ ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ወደ ታች ይሰምጣል። ባለ ታንኳው በዚህ አይሰድበውም። ጎትቶ ከዳር ያወጣውና ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ሲደርቅ መልሶ ይገባበታል። ሳያደርቅ በየቀኑ የቀዘፈበት ቶሎ ይበሰብስበታል።

የደከመ ሰው ዕረፍት መጠየቁ መሸሽ አይደለም፤ ሲጠይቅ ግን የሚመለስበትን ቀን ቢናገር ጥሩ ነው። ዕረፍትም የማያስተካክለው ነገር ካለ፣ ክፍሉን መለወጥ አለ። ከመዘምራን ወደ ሕሙማን ጥየቃ የመጣች አንዲት እኅት ስድስት ወር ሳይሞላ ፊቷ በራ። ድምፅ ማጉያው ነው የሰለቻት እንጂ እግዚአብሔር አልነበረም።

የሸሸ ቅዱስ አባት አለ? ወይስ ሽሽት የእኛ የደካሞቹ ብቻ ነው?

አለ። ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮትን እንውሰድ። አባቱ ጳጳስ ነበሩ፤ ሳይወድ ካህን አድርገው ሾሙት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ361 ገደማ ነው። እሱም ጥሎ ወደ ወዳጁ ወደ ባስልዮስ ኮበለለ። በተከታዩ ዓመት ለትንሣኤ ተመለሰ፤ ለምን እንደሸሸና ለምን እንደተመለሰም ለሕዝቡ ረዥም ንግግር አዘጋጅቶ አስረዳ። የነፍስ እረኝነት ከሙያዎች ሁሉ የከበደ ስለሆነ ነው የፈራሁት አለ። ተመልሶም ሽሽቱን አልደበቀም፤ እኔ የምወድለት ይህን ነው።

ታዝዤ ሄድኩ፤ ደስታው ግን አልመጣም። ምን ጎድሎኝ ነው?

ምናልባት ምንም። ዮናስ ነነዌ ሄዶ ሰበከ፣ ከተማዋ ዳነች፣ እሱ ግን ከከተማው ወጥቶ ኩርፊያውን ይዞ ተቀመጠ። ቅሏን አብቅሎ ያስጠለለው፣ ትል ልኮም ያደረቃት እግዚአብሔር መጨረሻ ላይ ጠየቀው፦ ቀኝና ግራቸውን የማይለዩ ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎች፣ ብዙ እንስሳትም ላሉባት ለነነዌ አላዝንምን? መጽሐፉ በዚህ ጥያቄ ያልቃል። ዮናስ ምን ብሎ እንደመለሰ አልተጻፈም። ኤርምያስም ቢሆን "አልናገርም" ብሎ ዝም ሲል ቃሉ በአጥንቱ ውስጥ እንደ እሳት ነደደበት፤ ተናገረ፤ እዚያው ምዕራፍ ላይ የተወለደበትን ቀን ረገመ። ታዝዞም አልተደሰተም።

እኔም አሁን ወደ እኒያ እናት ቤት ስሄድ እግሬ ቀልሎልኝ አይደለም። አጥሩ ጋ ስደርስ ዛሬም ዓይኔ ወደ ተገፋችው ክንድ መሬት ይሄዳል። ቡና ያፈላሉ፤ እጃቸው ስለማይታዘዝ የምቀዳው እኔ ነኝ። ቶና ላይ ስንደርስ ሰዓቴን አያለሁ። ባለፈው ቅዳሜም አየሁ፤ እሳቸውም ሳይ አዩኝ።

"በረካውን ሳትጠጪ?" አሉኝ።

ቀዳሁና ተቀመጥኩ።